ስርዓተ ምህዳርን ለልጆች ማስተዋወቅ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ትምህርቱ ስርዓተ ምህዳር ላይ ሲደርስ ወላጆች በር ላይ ይጠብቁኛል። "ቲቸር፣ ልጁ ሕይወት ያላቸው፣ ሕይወት የሌላቸው እያለ ይሸመድዳል። ምን ማለት ነው ስለው ግን ዝም ይላል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ብዙ ልጅ ቃሉን ይይዝና ነገሩን ሳያየው ክፍል ያልፋል። ስለዚህ የሚጠይቁኝን ሰብስቤ ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከእኛው አገር ነው፦ ከጦሳ ተራራ ስር፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከሐረጎ ቁልቁለት።

ስርዓተ ምህዳር ምንድን ነው? ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ብዬ ልንገረው?

"ጉርብትና ነው" በሉት። አንድ ቦታ ላይ አብረው ያሉ ነገሮችና በመካከላቸው ያለው መስጠትና መቀበል ነው። ሕይወት ያላቸው አሉ፦ ሣሩ፣ ፌንጣው፣ ዶሮዋ፣ ጅቡ፣ እኛ ራሳችን፣ በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን። ሕይወት የሌላቸውም አሉ፦ የፀሐይ ብርሃን፣ ውሃ፣ አየር፣ ድንጋይ፣ ሙቀትና ብርድ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ሆነው ነው ስርዓተ ምህዳር የሚባለው።

ወሎ ውስጥ ላደገ ልጅ ቅሬን (እድርን) መጥቀስ ይጠቅማል። ቅሬ ላይ አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል። የአንዱ ድርሻ ከጎደለ ሁሉም ጋ ይታወቃል። ምሳሌው ግን የማይሠራበት ቦታ አለው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ ቅሬ ውስጥ እኮ ሰው ሰውን አይበላም" አለችኝ። ልክ ነበረች። እዚህ መበላላት አለ። አብረው የሚኖሩት ስለሚዋደዱ ሳይሆን አንዱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችል ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እሺ፣ ጅብም አባል ነው ማለት ነው" አለች።

ስርዓተ ምህዳር የሚለውን ስም መጀመሪያ በጽሑፍ ያወጣው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935። የታንስሊ ቁም ነገር፣ ሕይወት ያለውን ከሌለው ለያይቶ ማጥናት አያስኬድም የሚል ነበር። ልጃችሁ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይቺን ይያዝ። ለፈተና ሁለት ዓምድ ሠርቶ እዚህ ሕያው፣ እዚያ ግዑዝ ብሎ መደርደር ቀላል ነው። ትምህርቱ ያለው ግን ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው በሚሰመረው መስመር ላይ ነው።

ልጄ "መኪናም ይንቀሳቀሳል፣ ወንዝም ይንቀሳቀሳል" ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

ደስ ይበላችሁ፣ ልጁ እያሰበ ነው። መንቀሳቀስ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ሕይወት ያለው ነገር ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ዙሪያው ሲለወጥ ይሰማዋል፣ መሰሉን ይተካል። ባጃጅ ቤንዚን ይጠጣል፤ ግን አድጎ ሚኒባስ አይሆንም። ቦርከና ይሄዳል፤ ግን አይወልድም።

ከባዱ እሳት ነው። በየዓመቱ አንድ ልጅ ያነሳዋል። እሳት እንጨት ይበላል፣ አየር ይፈልጋል፣ ያድጋል፣ ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ታዲያ ለምን ሕያው አይባልም? ቶሎ አትመልሱላቸው፣ ይከራከሩበት። በመጨረሻ አንዱ ይደርስበታል። ሕያው ነገር የሚመጣው ከሌላ ሕያው ነገር ነው። ጫጩት ያለ እንቁላል፣ ችግኝ ያለ ዘር ወይም ያለ ቁራጭ ግንድ አይመጣም። እሳት ግን ከክብሪትም ከመብረቅም ይነሳል።

ሌላው የሚያደናግረው የሞተው ነገር ነው። የደረቀ ቅጠል፣ አጥንት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ በርጩማ። እኔ ሦስት ክምር አሠራቸዋለሁ፦ አሁን ሕይወት ያለው፣ ድሮ የነበረው፣ ኖሮትም የማያውቀው። ይሄ የመሃለኛው ክምር ብዙ ግርታ ያስቀራል።

ዘርስ? ደረቅ ባቄላ ሕያው ነው ወይስ አይደለም? እዚህ ላይ አታስረዱ፣ አሠሩት። ከጓዳ አምስት ጥሬ ባቄላና አምስት የተቆላ ባቄላ ይውሰድ። በሁለት እርጥብ ጨርቅ ለየብቻ ይጠቅልላቸው። ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፍክፍበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥሬው ያጎነቁላል። ቆሎው ያብጣል፣ ከዚያ ይሻግታል። በቆልት የበላ፣ ብቅል ሲሰጣ ያየ ልጅ ይሄን ሁልጊዜ ሲያየው ኖሯል፤ ጥያቄ አድርጎት ግን አያውቅም። ሻጋታውንም ቶሎ አትጣሉበት። "ይሄስ ከየትኛው ክምር ነው?" በሉት።

ሙከራውን ደሴ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ እዚያም ቤት በዚያው ቀን ይጀመርና በስልክ ይነጋገሩ። የየትኛው ቀድሞ እንደበቀለ ሲያዩ ስለ ሙቀት ያለ ሰሌዳ ይማራሉ።

ጫካ መውሰድ አለብኝ? ጊዜም ገንዘብም የለኝም።

የለባችሁም። ግቢያችሁ ይበቃል። ግቢ ከሌላችሁ የአጥር ጥግ ይበቃል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን ቦታ በሲባጎ ክለሉለት። ተንበርክኮ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ ይያት። መጀመሪያ "ምንም የለም" ይላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው ዓይኑ የሚከፈተው።

አንድ መስከረም ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ከትምህርት ቤት አጥር ስር አንድ ድንጋይ ገለበጥን። የድፎ ቁራሽ የምታክል ጥቁር ድንጋይ ነበረች። ጀርባዋ በፀሐይ ደርቆ ሞቋል። ስሯ ርሶ ይቀዘቅዛል። ነጫጭ የሣር ሥሮች ሆዷን ታክከው እንደ ክር ተዘርግተዋል። አንድ የመሬት ትል ብርሃን ሲነካው ሰውነቱን ሰብስቦ ወደ ቀዳዳው ገባ። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚጠቀለል ግራጫ ፍጥረት ነበር። ጉንዳኖች ነጫጭ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘው ወዲያ ወዲህ ተራወጡ። ጥግ ላይ አንዲት ሸረሪት አልተነቃነቀችም። ከልጆቹ አንዱ በሹክሹክታ "ድንጋዩ እኮ ጣሪያቸው ነው" አለ። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ልነግራቸው ያሰብኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ድንጋይ ሕይወት የለውም። ለትሉ ግን ጥላው፣ እርጥበቱ፣ ቤቱ ነው።

ያኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ለየትኛውም ቦታ ይሠራል። "ይሄ ከዚህ ቢነሳ ማን ይቸገራል?" ድንጋዩ ቢነሳ? ሣሩ ቢታጨድ? ጉንዳኖቹ ቢጠፉ? አንዱን መልስ ተከትሎ ሌላው ይመጣል። ስትጨርሱ ድንጋዩን በነበረበት መልሱ፤ እንደነበረ፣ በዚያው በኩል።

ስለ ደህንነትም ልንገራችሁ። ድንጋይ ሲገለበጥ ከወዲያኛው ጠርዝ ተይዞ ወደ ራስ ነው የሚነሳው። እንዲያ ሲሆን ከስሩ የሚወጣ ነገር ቢኖር ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ልጁ እግር አይመጣም። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ሞቃት አገር ጊንጥ ስላለ በዱላ ይነሳ፣ በባዶ እጅ አይነካ። ልጁ ጫማ ያድርግ። ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ።

አፈር ከየትኛው ወገን ነው?

ከሁለቱም ነው። እኔ የምወደው ጥያቄም ይሄ ነው።

ደሴና አካባቢዋ የተቀመጡበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ዝናብ፣ ብርድና ፀሐይ ሰባበሩት፣ የዕፅዋት ሥሮች ሰነጠቁት፣ ደቀቀ። አፈር የሆነው ግን የሞተ ቅጠልና የእንስሳት ትርፍራፊ ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ አፈር ውስጥ የድንጋይ ድቃቂ፣ ውሃ፣ አየር፣ ብስባሽና በውስጡ የሚኖሩት ሁሉ አሉ። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ልጁ በሁለት ዓምድ የለመደውን መደርደር አፈር ያፈርስበታል። ይፍረስ።

የእኛ አገር ተዳፋት ነው። ዛፍና ሣር በሌለበት ዳገት ላይ አንድ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚይዝ ልጁን አሳዩት። ያ ቀይ ቡናማ ነገር ለመሠራት ብዙ መቶ ዓመታት የፈጀ አፈር ነው። ሣር ካለበት ዳገት የሚወርደው ውሃ ደግሞ ጠራ ያለ ነው። ሁለቱን በሁለት ጠርሙስ ቀድቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው።

ልጄ ሕይወት የሌላቸውን ነገሮች ንቆ ያልፋል። አስፈላጊነታቸውን እንዴት ላሳየው?

ኮምቦልቻ ይዛችሁት ውረዱ። ለቅሶም ይሁን ሰርግ፣ ለሌላ ጉዳይም ቢሆን መሄዳችሁ አይቀርም። መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

ጠዋት ከደሴ ስትነሱ ጦሳን ጉም ሸፍኖታል። ልጁ ሹራብ ለብሷል። የቆማችሁት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሐረጎን ስትወርዱ ጆሮው ይደፈናል፤ ምራቁን ሲውጥ ይከፈትለታል። ያ የአየር ግፊት ነው፤ የማይታየው አየር "አለሁ" ሲል ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ልጁ ሹራቡን ያወልቃል። ያኔ "ምን አስወለቀህ?" በሉት።

ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ አየሩ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው የ650 ሜትር ልዩነት እንግዲህ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። አራት ዲግሪ ቀላል ይመስላል። መስኮቱን እያየ ይቁጠር እንግዲህ። ላይ ገብስና ባቄላ ነበር፤ ታች ማሽላና ጤፍ ነው። ላይ ያልነበረው ግራር ታች ብቅ ይላል። ፓፓያ በየግቢው ይታያል። ፀሐይዋ ያው አንድ ናት። ከፍታው ሲለወጥ ሙቀቱ ተለወጠ፣ ከሙቀቱ ጋር እዚያ ሊኖር የሚችለውም ተለወጠ። አያቶቻችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው የከፈሉት ይሄንኑ ነው። ልጁ ቃሎቹን ከቤቱ ያውቃቸዋል። ሳይንስ መሆናቸውን ብቻ ንገሩት።

ስለ ዝናብም መናገር አለብን። ወሎ ውስጥ በልግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን አያቶች ያስታውሱታል። ዝናቡ ቀረ፤ ሣሩና አዝመራው ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ከዚያ ሰው። ይሄን ለትንሽ ልጅ አልዘረዝርም። አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ግን እነግረዋለሁ። ድርቁን ያን ያህል እልቂት ያደረገው የሰዎች ውሳኔና መዘግየትም ጭምር እንደነበር አብሬ እነግረዋለሁ። አያቱ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።

በምግብ ሰንሰለት ሥዕል ላይ ቀስቱ ወዴት ነው የሚያመለክተው?

ከተበላው ወደ በላው። ልጆች ሁሉ ገልብጠው ይሥሉታል፤ "ጭልፊት ጫጩት ላይ ወረደ" ብለው ስለሚያስቡ ነው። ቀስቱ የሚያሳየው ማን ማንን እንዳጠቃ ሳይሆን ምግቡ ወዴት እንደሄደ ነው። ሣር → ፌንጣ → ጫጩት → ጭልፊት። "ጉርሻው ወዴት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ አይሳሳትም።

ሣሩስ ምን በላ? እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሣር ምግቡን ራሱ ይሠራል፤ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ብርሃን አስተፃምሮ የሚባለው ይሄ ነው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ሕይወት በሌላቸው በእነዚህ ነገሮች ነው። እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ትንሽ ፀሐይ አለች ብላችሁ ብትነግሩት አልዋሻችሁም።

"ጭልፊት ለምን ጥቂት ሆነ፣ ሣር ለምን በዛ?" ካለ ውሃ አምጡ። አሥር ብርጭቆ ውሃ የሣሩ ነው። ከዚያ ውስጥ ለፌንጣው የሚደርሰው አንድ ብርጭቆ ነው። ከዚያች ብርጭቆ ለጫጩቷ አንድ ጉንጭ። ለጭልፊቱ ጥቂት ጠብታ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ጉልበት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪውን እያንዳንዱ ለመኖር፣ ለመሮጥ፣ ሰውነቱን ለማሞቅ ይጨርሰዋል። ልጁ የጭልፊቱን ጠብታ መዳፉ ላይ ሲያይ ገጽታው ይለወጣል።

ጅብና ጥንብ አንሳ ምን ይሠራሉ? ልጄ "መጥፎ ናቸው" ይላል።

መጥፎና ጥሩ የሚለውን እዚህ እናስቀረው። ደሴ ዳር ዳር የሚኖር ሰው ሌሊት ጅብ ሲጮህ ይሰማል። ጠዋት የከብት በድን ቦታው ላይ የለም። አጥንቱን ሳይቀር የሚሰባብር መንጋጋ አለው። የቀረውን ዝንብ፣ ትል፣ ፈንገስና ባክቴሪያ ይጨርሱታል። ፈንገስና ባክቴሪያ አበስባሾች ይባላሉ። እነሱ ባይኖሩ የሞተው ሁሉ ተከምሮ ይቀር ነበር፤ አፈሩም የወሰዱበት አይመለስለትም።

ትልልቅ ልጆችን አንድ እውነተኛ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥንብ አንሶች በብዛት አለቁ። ምክንያቱ ለታመመ ከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ነበር። ከብቱ ሲሞት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ጥንብ አንሳው ይበላል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ ይሞታል። በድኑ የሚያነሳው ሲያጣ የባዘኑ ውሾች በዙ። ከውሾቹ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ጨመረ። ይሄን የሰማ ልጅ ጥንብ አንሳን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው መጥፎ?

ደሴን ከበዋት ያሉት ዛፎች በብዛት እሱ ስለሆኑ ጥያቄው ይገባኛል። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ማገዶና ማገር ይሆናል። እሱ ባይኖር የቀረው የአገር ዛፍ ሁሉ ለምድጃ ባለቀ ነበር። በሌላ በኩል ስሩ ብዙ ሣር አይበቅልም፤ ውሃም በብርቱ ይጠጣል።

ለልጁ ብያኔውን አትስጡት። ባሕር ዛፍ ስር አንድ ሜትር በሲባጎ ይከልል። ሌላ ቀን የአገር በቀል ዛፍ ስር ያንኑ ያድርግ፤ ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ደን ጥድና ወይራ አለ። በሁለቱ ስር ስንት ዓይነት ተክል፣ ስንት ዓይነት ነፍሳት አገኘ? ይቁጠርና ራሱ ይናገር።

ሐይቅን ብናሳየው ምን ላይ እናተኩር?

የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓሣ በልቶ ፎቶ ተነስቶ መመለስም ደስ ይላል። ግን ውሃውን በግልጽ ብርጭቆ ቅዱና ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ ከዚያም ውር ውር የሚል ነጥብ ልታዩ ትችላላችሁ። አረንጓዴዎቹ ዋቅላሚዎች ይባላሉ፤ የሐይቁ ሣር ናቸው፤ ምግብ ይሠራሉ። ትንንሾቹ እንስሳት እነሱን ይበላሉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሁለቱንም ይበላል። ዓሣ በል ወፎችና እኛ ቆሮሶን እንበላለን።

አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ቆሮሶ ድሮ ከዚህ ሐይቅ አልነበረም። ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። ከገባ በኋላ ግን በውሃው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት ዓይነትና ብዛት ተለወጠ። አንድ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚጠጋጋ፣ አንዳንዱም እንደሚወጣ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለኝም።

ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ እንደሌለም አሳዩት። ዙሪያው ካለው ተራራ የወረደ አፈርም ቆሻሻም ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ቦርከና ወስጄ ውሃ ውስጥ ባስገባውስ?

ከዳር ሆኖ ይይ። ውሃው ውስጥ አይግባ። አንደኛ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ አለ። ሁለተኛ፣ በተለይ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ውሃው ሲሞቅና ሲረጋ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል። የቢልሃርዝያ ትል በውሃ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ያድግና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውየው ሲጸዳዳ እንቁላሉ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባና እንደገና ይጀምራል። ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ውሃ፣ ሰው። ስርዓተ ምህዳር ሁሉ ውብ እንዳልሆነና እኛም ውስጡ እንዳለን ልጁ ከዚህ ይማር።

ከዳር ቆሞ ግን ብዙ ይታያል። ፌስታል የተጠለፈበት ቁጥቋጦ፣ ቆማ የምትጠብቅ ወፍ፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ። ወንዙ ወዴት እንደሚሄድም ንገሩት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በጨፋ ረግረግ አድርጎ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አካባቢ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ደሴ ላይ የተጣለ ፌስታል የጨፋ ከብት ሆድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ስንት ዓመቱ ላይ ልጀምር? ቃላቱንስ መቼ?

በሦስት ዓመቱ ጉንዳን ያሳድዳል አይደል? ጀምሯል። አምራች፣ ተመጋቢ፣ አበስባሽ የሚሉትን ቃላት ትምህርት ቤት ያመጣቸዋል። ነገሩን ቀድሞ ካየው ቃሉ ሲመጣ ቦታ ያገኛል።

ይሄ ትምህርት ከእምነታችን ጋር አይጋጭም?

አብሽሩ። ማን ፈጠረው የሚለውን ቤታችሁ ያስተምራል። እኔ የማስተምረው አሁን በዓይናችን ፊት ምን ከምን ጋር እንደሚኖር ነው። እንዲያውም ያረጁ የአገር ዛፎችን ማየት የፈለገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ወደ መስጊድና መካነ መቃብር ዙሪያ ይሂድ። በብዙ ቦታ ሌላው ሲቆረጥ እነሱ የተረፉት ሰው በእምነቱ ስለጠበቃቸው ነው።

ቤት ውስጥ ትንሽ ስርዓተ ምህዳር መሥራት ይቻላል?

ክዳን ያለው ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ ፈልጉ፤ የማር ወይም የማርማላታ ይሆናል። ከታች ጠጠር፣ በላዩ ትንሽ የከሰል ስባሪ፣ ከዚያ አፈር አድርጉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ከሚበቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ መሰል ነገርና ከትንሽ ሣር ከነሥሩ ትከሉ። ጥቂት ውሃ ርጩና ክደኑት። ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት አጠገብ ይቀመጥ።

በማግስቱ ብርጭቆው በውስጥ በኩል ያልበዋል። ጠብታው ይወርዳል፣ አፈሩን ያረጥባል፣ እንደገና ይተናል። ልጁ ዝናብን በጠርሙስ ያያል። እኛ የመጀመሪያውን ስንሠራ ውሃ አብዝተን ሥሩ በሰበሰና ሸተተ። ሁለተኛውን በሁለት ማንኪያ ውሃ ጀመርን፤ ዓመቱን ሙሉ ቆየ። ጠርሙሱ ውስጥ ትል ወይም ነፍሳት አታስገቡ፤ ይሰቃያሉ።

ክረምት ላይ ደሴ ከቤት አያስወጣም። ምን እናድርግ?

ዝናቡ ሲበረታ ጆግ ወይም ባልዲ ደጅ አውጡ። ሌላ ዕቃ ደግሞ ከመንገድ ዳር ቦይ ከሚወርደው ጎርፍ ሙሉ፤ ይሄንን አዋቂ ይቅዳው። ሁለቱን በግልጽ ብርጭቆ ቀድታችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ማታ ልጁ ይሣላቸው። ጠዋት ተነስቶ እንደገና ይሣላቸው።

የሰማዩ እንዳለ ጠርቶ ይገኛል። የቦዩ ውሃ ግን ተለይቷል። ከታች አሸዋው፣ በላዩ ደቃቁ ጭቃ፣ ከዚያ ገና ያልጠራ ውሃ። ከላይ የሣር ቅጠል፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ አንዳንዴ አንዲት የሰጠመች ጉንዳን ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ባለፈው የሠራችሁትን ሦስት ክምር አስታውሱት። እያንዳንዱ ከየትኛው ክምር እንደሆነ በየሥዕሉ ጎን ይጻፍ። ጭቃው ላይ ሲደርስ ቆሞ ያያችኋል።